ስለ ዳሌኮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዶክተር ሁ»ን ማየት የጀመረ ሰው ሁሉ ስለ ዳሌኮች የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ወደ ታች ሲወርዱ የአንዳንድ ክፍሎችን መጨረሻ ስለምንነግር ገና ያላያችሁ ተጠንቀቁ።

ዳሌክ ሮቦት ነው?

አይደለም። ከውጭ የምናየው ቀፎውን ነው፤ ከላይ ጉልላት፣ ከጉልላቱ ፊት ለፊት በዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ዓይን፣ ከመሃል ሁለት እጅ፣ ከታች እብጥ እብጥ ያለበት ሰፊ ቀሚስ። ከሁለቱ እጆች አንዱ መሣሪያ ነው። ቀፎው ውስጥ ግን ሕይወት ያለው፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ኦክቶፐስ የሚመስል ፍጡር ተቀምጧል። ዳሌክ ማለት እሱ ነው። ቀፎው መኪናውም፣ ጋሻውም፣ ጠመንጃውም ሆኖ ያገለግለዋል።

ዳሌክን ሮቦት ብሎ የሚያይ ሰው ታሪኩን በግማሽ ነው የሚያየው። ሮቦት ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ይህ ግን እያወቀ፣ እየጠላ ነው የሚገድለው።

በየትኛው ድራማ ላይ ነው የሚታዩት? ዶክተሩስ ማነው?

ድራማው የእንግሊዙ ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል የታየው ኅዳር ወር ውስጥ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነው። ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ በሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ውስጥ ሆኖ በጊዜና በጠፈር የሚዞር መንገደኛ ነው። ሊሞት ሲል አካሉን ይለውጣል፤ ብዙ ተዋንያን የተፈራረቁበት ለዚህ ነው።

ዳሌኮች የመጡት በሁለተኛው ታሪክ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1963 ቅዳሜ ምሽት ነው። ያን ቀን ግን ሙሉ አካላቸው አልታየም። የዶክተሩ ተጓዥ ባርባራ በብረት ኮሪደር ውስጥ መንገድ ጠፍቷት ስትዞር አንድ ነገር ይመጣባታል፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትጮሃለች። ተመልካቹ የሚያየው ወደ እሷ የሚጠጋውን እጅ ብቻ ነው። ክፍሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ቀሪውን ለማየት ሳምንት መጠበቅ ነበረበት።

ማን ፈጠራቸው?

ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስሙን የወሰደው ግን አንዱ ነው። ታሪኩን የጻፈው ቴሪ ኔሽን የካርዲፍ ተወላጅ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በኮሜዲ ጸሐፊነቱ ነበር። ከኮሜዲያኑ ቶኒ ሃንኮክ ጋር ተጣልቶ ሥራ ባጣበት ሰሞን ነው ይህን ሥራ እሺ ያለው። ኔሽን የፈለገው እግሩ የማይታይ፣ የሚንሸራተት ፍጡር ነበር፤ ሐሳቡን የሰጡት ረጅም ቀሚስ ለብሰው መድረክ ላይ የሚንሳፈፉ የሚመስሉት የጆርጂያ ጨፋሪዎች ናቸው። ቅርጹን ያወጣው ደግሞ የቢቢሲው ዲዛይነር ሬይመንድ ኩሲክ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሣለና ዙሪያውን ቀፎ አለበሰው። ከቁንዶ በርበሬ መነስነሻ ገለበጠው የሚባለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ መነስነሻውን ጠረጴዛ ላይ ያንሸራተተው ለሠሪዎቹ አካሄዱን ለማሳየት ነው።

ነገሩ ሳይሠራ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። የቢቢሲ ድራማ ኃላፊ የነበረው ሲድኒ ኒውማን ዓይናቸው የፈጠጠ ጭራቆች በዚህ ድራማ ውስጥ እንዳይገቡ ገና ከጅምሩ ከልክሏል። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት ግን በእጇ ሌላ የተዘጋጀ ስክሪፕት አልነበራትምና ገፋችበት። ሰባቱ ክፍሎች ታይተው ሲያልቁ የተመልካቹ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ኒውማንም ዝም አለ።

ገንዘቡ ላይ ግን ፍትሕ አልነበረም ባይ ነኝ። ኔሽን የመብቱ ተካፋይ ስለነበር ከመጫወቻው፣ ከመጽሐፉ፣ በ1965 እና በ1966 ለሲኒማ ከተሠሩት ሁለት ፊልሞች በደንብ ተጠቀመ። ኩሲክ የቢቢሲ ደመወዝተኛ ነበርና ከአንድ ጊዜ ጉርሻ በቀር ያገኘው የለም። ዓለም የሚያውቀው ደግሞ እሱ የሣለውን ነው።

ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ እንዴት ነው የሚሠራው?

የተዋናዩን ድምፅ ሪንግ ሞዱሌተር በሚባል መሣሪያ ያሳልፉታል። መሣሪያው ድምፁን በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ከሚርገበገብ ዝቅተኛ ድምፅ ጋር ያባዛዋል፤ የሚወጣው የተቆራረጠ፣ የሚርገፈገፍ ብረታ ብረት ነው። በ1963 ይህን ያዘጋጀው የቢቢሲ የድምፅ ቅንብር ክፍል ባልደረባ የነበረው ብራያን ሆጅሰን ሲሆን፣ የተናገሩት ፒተር ሃውኪንስና ዴቪድ ግራሃም ናቸው። ከ2005 ወዲህ የምንሰማው የኒኮላስ ብሪግስ ነው። እሱ ቀረጻው ላይ መሣሪያውን ይዞ ተቀምጦ፣ አምስት ዳሌክ እርስ በርሱ ሲከራከርም አምስቱንም ይናገራል።

መሣሪያው ብቻውን ዳሌክ አያደርግም። አነጋገሩ ነው ዋናው፤ እያንዳንዱን ፊደል እኩል እየረገጡ፣ ወደ መጨረሻው እየጮኹ፣ ቁጣው ከቁጥጥር ሊወጣ ሲል። «ኤክስ-ተር-ሚ-ኔት!» ሲል ልብ ብለው ይስሙት፤ የፈራ ሰው ጩኸት አለበት።

ውስጡ ሰው ተቀምጦ ነው የሚነዳው?

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ተዋናዩ ትንሽ መቀመጫ ላይ ሆኖ ወለሉን በእግሩ እየገፋ፣ ከሥር ባሉት ትንንሽ ጎማዎች ይንቀሳቀሳል። በሁለት እጁ የዓይኑን ዘንግና ሁለቱን ክንዶች ያዛል፤ የሚያየው ከጉልላቱ በታች ባለው ወንፊት በኩል ነው። ጉልላቱ ላይ ያሉት ሁለት መብራቶች ንግግሩን ተከትለው ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ ያለዚያ የትኛው ዳሌክ እንደሚናገር ማወቅ አይቻልም ነበር።

ለመጀመሪያው ታሪክ የተሠሩት አራት ቀፎዎች ብቻ ናቸው። ብዙ ለማስመሰል በልካቸው የታተመ ፎቶ ከኋላ ያቆሙ ነበር። ዛሬ ሲያዩት ይታወቃል።

አንዱ እጁ ለምን የተደፈነ ቱቦ መክፈቻ ላስቲክ ይመስላል?

ስለሆነ ነው። ብሩ ትንሽ ነበር። ያም ሆኖ ጸሐፊዎቹ ኋላ ላይ ቀልዱን መለሱት፤ በ2005 «ዳሌክ» በተባለው ክፍል ውስጥ አንድ አሰቃይ፣ ታስሮ ባገኘው ዳሌክ በዚሁ ላስቲክ እያሾፈ ይጠይቀዋል፤ ላስቲኩ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ይገድለዋል።

ደረጃ መውጣት አይችሉም ይባላል። እውነት ነው?

ለ25 ዓመት ያህል የእንግሊዞች ዋና ቀልድ ይህ ነበር፤ ዓለምን ሊገዛ የመጣ ጦር አንደኛ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው አመለጠው እየተባለ። በ1963 እንዲያውም ከዚያም የባሰ ነው፤ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከብረቱ ወለል ስለነበረ ከከተማቸው መውጣት አይችሉም ነበር።

ቀልዱ የሞተው በ1988 ነው። ዶክተሩ ከአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት እየሮጠ ደረጃ ይወጣል፤ ዳሌኩ ከሥር ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ ከወለሉ ከፍ ብሎ ደረጃውን በአየር ላይ ይከተለዋል። በ2005 ደግሞ ይህንኑ ላላዩት ደገሙላቸው። አሁን በጠፈር ውስጥ በመንጋ ስለሚበርሩ ጥያቄው የሚነሳው ለጨዋታ ነው።

ልጆች ቢያዩት ያስፈራቸዋል?

ያስፈራቸዋል፤ የተሠራውም እንዲያስፈራ ነው። እንግሊዝ አገር «ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ ማየት» የሚባለው አባባል ከዚህ ድራማ ጋር ተያይዞ የቀረ ነው። ደም እምብዛም አይታይም። የ1970ዎቹ ክፍሎች ግን ጨከን ያሉ ናቸው፤ ሜሪ ዋይትሃውስ የተባለችው የቴሌቪዥን ሥነ ምግባር ተሟጋች በ1975ቱ የዳሌክ ታሪክ ላይ አምርራ ተቃውሞ አሰምታለች። በእኔ ግምት ለትንንሾቹ ከጦርነቱ ይልቅ የሚከብዳቸው ድምፁ ነው። አብራችኋቸው ተቀመጡ።

ከየት ልጀምር?

ከ2005ቱ «ዳሌክ» ይጀምሩ። ሮበርት ሺርማን የጻፈው አንድ ክፍል ነው፤ ያለፈውን ማወቅ አይጠይቅም። አንድ አሜሪካዊ ቱጃር በዩታ ምድር ሥር ባለ ሙዚየሙ ውስጥ በሰንሰለት ያሰረው አንድ ዳሌክ አለ። አንድ ብቻ። ከመቶ ይልቅ አንዱ እንዴት እንደሚያስፈራ የሚገባው እዚያ ነው፤ በተለይ ወታደሮቹ ውሃ በተረጨበት አዳራሽ ውስጥ ከበውት ሲተኩሱ፣ እሱ ወደ አየር ተነስቶ ወለሉ ላይ ያለውን ውሃ በአንድ ጥይት በኤሌክትሪክ ሲሞላው።

ሁለተኛ የ1975ቱን ስድስት ክፍል «የዳሌኮች ዘፍጥረት» ይዩ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ዋሻው ካርቶን መሆኑም ያስታውቃል። ይታገሡት። የ1960ዎቹን ሙሉ ለሙሉ ማግኘት አይቻልም፤ ቢቢሲ ካሴቶቹን ደምስሶ እንደገና ይቀርጽባቸው ስለነበር ብዙዎቹ የዳሌክ ክፍሎች ድምፃቸው ብቻ ነው የቀረው። በ1966 የታየው «የዳሌኮች ኃይል» በዚሁ ድምፅ ላይ ተመሥርቶ በ2016 በአኒሜሽን ተሠርቷል።

ድክመታቸው ምንድን ነው?

ዓይናቸው። አንድ ብቻ ስለሆነ እሱ ከተመታ «ማየት አልችልም!» እያሉ በያለበት መተኮስ ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ታሪክ ደግሞ ዶክተሩና ጓደኞቹ ዓይኑን ጭቃ ቀብተው፣ ዳሌኩን ካባ ላይ ገፍተው ከብረቱ ወለል በመለየት አንዱን ማርከዋል። ፍጡሩን አውጥተው በካባው ጠቅልለው ሲጥሉት ከካባው ሥር አንድ ጥፍር ብቻ ብቅ ይላል። አዘጋጆቹ ያንን ብቻ ማሳየታቸው ብልህነት ነው፤ ኋላ በዘመናችን በኮምፒውተር የተሠራው ሙሉ አካል የዚያን ያህል አይሰቀጥጥም።

ከሳይበርመኖች (በዚሁ ድራማ አካላቸው ወደ ማሽን ከተለወጡ ሰዎች) ጋር ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?

ተጋጥመዋል፤ በ2006። አምስት ሚሊዮን ሳይበርመን በአራት ዳሌክ ላይ። ሳይበርመኑ «በአራት ዳሌክ ታጠፉናላችሁ?» ሲል ዳሌኩ «አንድ ይበቃል» አለው። ጨምሮም ሳይበርመኖች የሚበልጡት በአንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነገረው፤ መሞት ላይ።

ሁሉን መግደል የሚፈልጉት ለምንድን ነው? ናዚዎችን ነው የሚወክሉት የሚባለውስ?

ከእነሱ የተለየ ሁሉ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። መሬት፣ ሀብት፣ በቀል አይደለም ጉዳያቸው። ትጥቁን ያወረደም ቢሆን፣ የረዳቸውም ቢሆን ዳሌክ እስካልሆነ ድረስ ይገድሉታል። የናዚው ነገር የተመልካች ፈጠራ አይደለም፤ ቴሪ ኔሽን በ1930 የተወለደ፣ ካርዲፍ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ በልጅነቱ ያየ ሰው ነው። በመጀመሪያው ታሪክ መጨረሻ ላይ ዳሌኮቹ የስካሮ ፕላኔት ጌቶች እንሆናለን እያሉ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ሲያነሱ ሰላምታው የማን እንደሆነ በዚያ ዘመን ያልገባው አልነበረም።

ይበልጥ የሚገርመው ግን እርስ በርሳቸው ያላቸው ነገር ነው። በ1988ቱ ታሪክ ሁለት የዳሌክ ጦር በ1963ቱ ለንደን ጎዳና ላይ ይተላለቃል፤ ምክንያቱ የአንደኛው ወገን ደም ተቀይሯል፣ ንጹሕ አይደለም የሚል ነው። በዚያው ክፍል ኤስ የተባለችው የዶክተሩ ባልደረባ ባረፈችበት ደግ ሴትዮ ቤት መስኮት ላይ አንድ ካርቶን ታገኛለች፤ «ጥቁሮች አይፈቀድም» ይላል። ማንም ስለ ካርቶኑ ንግግር አያደርግም። ታነባለች፣ ትወጣለች። በ2010 ደግሞ አዲስ የተፈለፈሉ ዳሌኮች አሮጌዎቹን ጎዶሎዎች ናችሁ ብለው ሊፈጇቸው ሲቆሙ፣ አሮጌዎቹ አይሸሹም። ልክ ነው ብለው ቆመው ይጠብቃሉ።

ዳቭሮስ ማነው?

የፈጠራቸው ሳይንቲስት ነው፤ መጀመሪያ የታየው በ1975። በስካሮ ላይ ካሌዶችና ታሎች የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ሺህ ዓመት ተዋግተው መሣሪያቸው አልቋል፤ ወታደሮቹ የጋዝ ጭምብል አጥልቀው ጥንታዊ ጠመንጃ ይዘዋል። ጦርነቱ የረጨው መርዝ ካሌዶችን እየለወጣቸው ነው። ዳቭሮስ ለውጡን አፋጠነው፣ ርኅራኄን ከፍጡሩ አወጣ፣ በቀፎ ውስጥ አስገባው። ራሱም በቁስል የተጨረሰ፣ በግማሽ ዳሌክ ቀፎ ላይ የተቀመጠ፣ አንድ እጅ ብቻ የሚሠራለት ነው። የራሱ መንግሥት ሥራውን ሊያስቆም ሲል የካሌዶችን ከተማ የሚጠብቀውን ጉልላት መስበሪያ ቀመር ለጠላት ሰጥቶ ከተማውን በሙሉ አስጨረሰ።

የመጀመሪያው ተዋናይ ማይክል ዊሸር ጭምብሉን እንዲለምድ በልምምድ ጊዜ ራሱ ላይ የወረቀት ከረጢት ያጠልቅ ነበር። ውጤቱን ለማየት የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ዳሌኮቹ ሰዎቹን ሲፈጁ ዳቭሮስ እንዲራሩ ይለምናል፤ ዳሌኩ ያ ቃል በቋቱ ውስጥ እንደሌለ ይመልስለታል። ያወጣው እሱ ራሱ ነው። በ2023 በተሠራው አጭር ክፍል ዳቭሮስ ያለ ወንበርና ያለ ጠባሳ ቆሞ ሲታይ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ጸሐፊው ራስል ቲ ዴቪስ ክፉ ሰውን በአካል ጉዳት መሣል ማብቃት አለበት ብሎ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ የዊሸርን ዳቭሮስ ግን ማንም ባይተካው እመርጣለሁ።

ዶክተሩ ከመፈጠራቸው በፊት ሊያጠፋቸው ሲችል ለምን ተወ?

በ1975ቱ «የዳሌኮች ዘፍጥረት» ዶክተሩን የተጫወተው ቶም ቤከር በሁለት እጁ ሁለት ሽቦ ይዞ የቆመበትን ትዕይንት ነው የምትሉት። ፈንጂው ዳሌኮቹ በሚያድጉበት ክፍል ተቀምጧል፤ ሽቦዎቹን ማነካካት ብቻ ነው የቀረው። ተጓዡ ሣራ «ምን ትጠብቃለህ?» ትለዋለች። እሱ ግን መብት አለኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሲያድግ ጨካኝ አምባገነን የሚሆን ሕፃን ቢያሳዩሽ ትገድዪዋለሽ? ደግሞስ ብዙ ዓለማት ዳሌኮችን በመፍራት ነው ጠላትነታቸውን ትተው የተባበሩት።

ሰዉ የሚረሳው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ዶክተሩ ጥያቄውን አልመለሰውም። ዳቭሮስ ለድርድር እሺ አለ የሚል ወሬ መጥቶ ገላገለው። ወሬው ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ተመልሶ ሊያፈነዳው ሞከረ፤ በመጨረሻ ሽቦውን ያገናኘው ራሱ ላዩ ላይ ያለፈ ዳሌክ ነው። ፍንዳታው አንድ ሺህ ዓመት ቢያዘገያቸው ነው አለ ዶክተሩ። እንግዲህ ራራ የሚሉትም፣ ፈሪ ነው የሚሉትም ይህን መጨረሻ ይዘው ይከራከሩ።

ደግ ዳሌክ ኖሮ ያውቃል?

ሦስት ጊዜ ተሞክሯል ማለት ይቻላል። በ1967 የሰው ባሕርይ የተሰጣቸው ሦስት ዳሌኮች ሕፃን ሆነው ዶክተሩን እያዞሩ የባቡር ጨዋታ ተጫወቱ፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ኦሜጋ ብሎ ስም አወጣላቸው። ቆይቶ ትእዛዝ ሲሰጣቸው «ለምን?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። የስካሮ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሳው ከዚያች «ለምን?» ነው።

በ2005 የዶክተሩን ተጓዥ የሮዝን ዲኤንኤ የወሰደው እስረኛ ዳሌክ መለወጡን አልቻለውም። ቀፎውን ከፍቶ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ እንዲሞት እንድታዘው ለመናት፤ ንጹሕ ካልሆነ መኖርን አልፈለገም። በ2014 ደግሞ ረስቲ የተባለው የኮከብ ልደት አይቶ ተለወጠ፤ ዶክተሩ አእምሮውን ሲያሳየው ግን ውበቱን ብቻ ሳይሆን ለዳሌኮች ያለውን ጥላቻም አየ። ያንኑ ወሰደና ዘመዶቹን መግደል ጀመረ። ጥሩው ዳሌክ አንተ ነህ ብሎትም ሄደ።

በየጊዜው «አለቁ» ይባላል፤ ከየት ነው የሚመለሱት?

በታሪኩ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የተረፈ አለ። በ2005 ንጉሠ ነገሥታቸው ከሰው ሬሳ አዲስ አረባ፤ በ2006 አራቱ በዓለማት መካከል ባለ ባዶ ውስጥ ተደብቀው ተገኙ፤ በ2008 ካን የተባለው ወደ ኋላ ተመልሶ ዳቭሮስን አዳነው፣ ዳቭሮስም ከገዛ ሥጋው አባዛቸው። ከዚያ በኋላ ጸሐፊዎቹም ማስረዳቱ ሰልችቷቸዋል።

ከታሪኩ ውጭ ግን ጉዳዩ የመብት ነው። ኔሽን በ1967 አሜሪካ ውስጥ የዳሌኮችን የራሳቸው ድራማ ሊሠራ አስቦ ስለወሰዳቸው እስከ 1972 ድረስ በአዲስ ታሪክ አልተመለሱም፤ የአሜሪካው ድራማም አልተሠራም። እሱ በ1997 ካረፈ በኋላ መብቱ ለወራሾቹ አለፈ። በ2004 ቢቢሲ ድራማውን ሊመልስ ሲል ድርድሩ ፈርሶ እንደነበረና ኋላ እንደተስማሙ በጊዜው በጋዜጣ ወጥቷል።

የአመጣጣቸው ታሪክ ለምን ይጋጫል?

በ1963 የቀድሞ ስማቸው ዳሎች ነበር፤ በኒውትሮን ቦምብ ጨረር ተለወጡ ተባለ፤ ዳቭሮስ የሚባል ሰው አልተጠቀሰም። በ1975 ካሌዶች ሆኑ፤ አንድ ሰው አውቆ ሠራቸው። ሁለቱንም የጻፈው አንዱ ቴሪ ኔሽን ነው። አድናቂዎች የሚሰጡት መልስ ዶክተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ጣልቃ ሲገባ ታሪኩ ተቀየረ፣ የዶክተሩ ወገኖችና ዳሌኮች የተዋጉት የጊዜ ጦርነትም ከዚያ ጀመረ የሚል ነው። ያምራል።

እኔን ከጠየቃችሁ ኔሽን በ12 ዓመት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ፣ አሮጌውንም ለማስታረቅ አልተጨነቀም። የ1975ቱ የተሻለ ታሪክ ነው፤ ጨረር ያመጣውን መዓት ወስዶ በአንድ ሰው ፈቃድ የተሠራ ወንጀል አደረገው። ሁለቱንም በቅደም ተከተል ለማየት የሚሹ የ1963ቱን ያስቀድሙ፤ ዳቭሮስን ካወቁ በኋላ ሲመለሱበት የታሎቹ ደግነት ትንሽ የዋህ ይመስላል።